በአረቄ ቤቱ በኩል የሚያልፈው መንገድ

ፑሊያንኩላም፣ ኖቬምበር 1996

ለውድ አክስቴ ለአላሜሉ፣ ማስካት ይድረስ።

ይህ ደብዳቤ ባሕሩን ተሻግሮ በሙሉ ጤና ያግኝዎት። ከዚህ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እግርዎን ነክቻለሁ። የመንደራችን ጠባቂ አምላክ እናት ማሪያማን ከክፉ ሁሉ ትሰውርዎት። እኛ ደኅና ነን። ልጃችን ካያል ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፤ ኢላንጎም እንደ ድሮው ብስክሌት ሲጠግን ውሎ፣ እጁን አልታጠበም ብዬ ስጨቀጭቀው ያመሻል።

አሁን የምነግርዎትን ተቀምጠው ያንብቡልኝ። የመንደራችን ሊቀመንበር ሆኛለሁ።

ቀልድ አይደለም። መንግሥት ዘንድሮ የእኛን መንደር ወንበር ለሴት ብቻ ነው አለ። ማያንዲን ያውቁታል፤ ከኩሬው ወዲያ ያለው እርሻ ሁሉ የእሱ የሆነው። ሚስቱ ታማ አልጋ ላይ ስለሆነች እሷን ማስመዝገብ አልቻለም። ቤታችን መጣና ለእኔ ሳይሆን ለኢላንጎ፣ "ሚስትህ መጻፍ ትችል የለ? እሷ ትፈርማለች፣ እኛ እንሠራለን" አለው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ኢላንጎ "እሷን ጠይቃት እንጂ" ሲለው ሰውየው ሳቀ። ወጣሁና "እሺ" አልኩት። እሺታዬ ለፊርማው መስሎት ደስ ብሎት ሄደ።

ያሸነፍኩ ዕለት የአበባ ጉንጉን ይዘው መጡ። በማን አንገት ላይ ያጠለቁት ይመስልዎታል? በኢላንጎ! "እንኳን ደስ ያለህ ሊቀመንበር!" እያሉ ጀርባውን ይደበድቡታል። እሱ አፍሮ፣ አውልቆ ለእኔ ሲያጠልቅልኝ፣ "እዩት፣ ገና ከአሁኑ ትእዛዝ ተቀበለ" ብለው ተንከተከቱ።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ስገባ ያለችውን አንዲት ወንበር ማያንዲ ይዟታል። እሱ ምክትል ነው። ለእኔ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ተነጥፎልኛል። "ወንበር ለሴት ወገብ አይመችም ብለን ነው" አለኝ። ቆሜ ዋልኩ።

አክስቴ፣ እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት ለመንገዱ ብዬ ነው። ክር ፋብሪካ የሚሠሩት ሴት ልጆች ሲመሽ አስፋልቱ ላይ ከአውቶቡስ ወርደው በአረቄ ቤቱ በኩል በእግር ይመጣሉ። የሚሰድባቸው አለ፣ ነጠላቸውን የሚጎትት አለ፣ ከዚያም የባሰ አለ። ስንቷ ሥራ አቆመች፤ ስንቷ ከትምህርት ቤት ቀረች። ለመንገዱ መብራት አቆማለሁ፤ አውቶቡሱንም መንደር ድረስ አስገባለሁ። አንድ ጥሩ የእጅ ባትሪ ቢልኩልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናቴ በሕይወት ሳለች "አላሜሉ በዚያ መንገድ አትሄድም፤ ኩሬውን ዞራ ነው የምትመጣው" ትል ነበር። ለምን ነበር?

ልጅዎ ፑንጎዲ


ማስካት፣ ጃንዋሪ 1997

ልጄ ፑንጎዲ፣

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የባልሽን እጅ ያበርታው፤ ካያልን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ደብዳቤሽን ለክፍሌ ሴቶች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አበባው በኢላንጎ አንገት የገባበት ጋ ስደርስ ከኬራላ የመጣችው ነርስ በሳቅ ሻይዋን ደፋች።

ስሚኝ፣ ወንበር ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። የሚታጠፈውን፣ የብረቱን። ከማያንዲ ፊት ለፊት ዘርጊውና ተቀመጪ። ወገብሽን ቢያምሽ ለእኔ ጻፊልኝ፤ ቅባት እልክልሻለሁ።

ባትሪውን በነርሷ እጅ ልኬዋለሁ። ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ነው ያለው።

እኔ ያው ሆስፒታሉን እያጸዳሁ ነው። ጠዋት በመኪና ይወስዱናል፣ ማታ በመኪና ይመልሱናል። ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ከውጭ ይቆልፉብናል። ማንም አይነካንም። ከተማውን ግን በእግሬ ሄጄበት አላውቅም።

ስለ መንገዱ የጠየቅሽኝ የድሮ ነገር ነው። ወረቀቱም አለቀ።

አክስትሽ አላሜሉ


ፑሊያንኩላም፣ ኤፕሪል 1997

ለውድ አክስቴ፣

በያሉበት ሰላምና ጤና ይብዛልዎት። ባትሪው ደርሶኛል። ካያል ጎረቤቱን ሁሉ እያበራችበት አስቸግራለች።

ወንበሩን ይዤ ሄድኩ! ኢላንጎ ብስክሌቱ ላይ አስሮልኝ፣ ራሴ እየነዳሁ። አዎ፣ ብስክሌት መንዳት አስተምሮኛል። መጀመሪያ ቀን ከነሳሪዬ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባሁ፤ አሁን ግን ሳልወድቅ ወረዳ እደርሳለሁ። ወንበሬን ስዘረጋ ማያንዲ "ኧረ ሊቀመንበር፣ አልጋሽንም ይዘሽልን ነይ" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። "ሥራው ከበዛ አመጣዋለሁ። አንተ ምክትል ስለሆንክ ተሸክመህ ታግዘኛለህ" አልኩት። ኩፓይ፣ ከምክር ቤቱ ሴት አባላት አንዷ፣ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ይዛ ስትንፈቀፈቅ አየኋት። ባሏ የማያንዲን መሬት ነው የሚያርሰው፤ በስብሰባ ላይ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የመንገዱ መብራት ተተከለ። የበራ ምሽት ሴቶቹ መንገድ ላይ ወጥተው ዝም ብለው ቆሙ። አንዳንዶቹ ከሠርጋቸው ወዲህ ሲመሽ ከደጅ ቆመው አያውቁም። አምፖሎቹን ግን ወዲያው በድንጋይ ሰበሯቸው። አስተከልኩ፣ ሰበሩ፤ አስተከልኩ፣ ሰበሩ።

አውቶቡሱ ግን ገባልዎት! ወረዳ ስመላለስ ከርሜ፣ መቼም ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ፈቀዱ። የማታው አውቶቡስ አሁን ልጆቹን ከቤተ መቅደሱ ፊት ያወርዳቸዋል። የኩፓይ ልጅ ቴንሞሊ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። ከአውቶቡሱ ስትወርድ እንደ ታላቅ እህቷ ጠርታኝ፣ "አካ፣ ዛሬ እኮ ሳልሮጥ ቤቴ ደረስኩ" አለችኝ። ይህን ስጽፍልዎት እንኳ ዓይኔ ይሞላል።

ልጅዎ ፑንጎዲ


ፑሊያንኩላም፣ ጁላይ 1997

ለውድ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ከክፉ ወሬ ይጠብቅዎት እያልኩ፣ ራሴ ክፉ ወሬ ልጽፍልዎት ነው። መልስዎ እስኪደርሰኝ አልቆየሁም።

ባለፈው ሳምንት የማታው አውቶቡስ ቀረ። ጎማው ተበሳ ይላሉ። ልጆቹ በእግር መጡ፤ ቴንሞሊ ጫማዋ ተበጥሶባት ወደ ኋላ ቀረች። የማያንዲ የእህት ልጅ ከአረቄ ቤቱ ወጥቶ ክንዷን ያዛትና ወደ ሸንኮራው ውስጥ ጎተታት። እጁን ነክሳ አመለጠች። ስትሮጥ ቦይ ውስጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። አረቄ ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። የተነሳ የለም።

ቴንሞሊን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አዛዡ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

"ባልሽ የት አለ?" አለኝ።

"ብስክሌት ይጠግናል።"

"እሱ ሲመጣ እናወራለን።"

"የፑሊያንኩላም ሊቀመንበር እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። እንግዲያው ሊቀመንበሩን ጥሪውና ይምጣ" ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር ተሳሳቀ።

አልተነሳሁም። እሷ በተሰበረ ክንዷ፣ እኔ ከጎኗ፣ ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ወደ ማታ ሲሰለቸው ቃሏን ጻፈ። ቴንሞሊ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች።

አሁን መንደሩ ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው እያነሰ ነው። የማያንዲ የእህት ልጅ በዋስ ወጥቶ አረቄ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል።

ልጅዎ ፑንጎዲ


ማስካት፣ ኦገስት 1997

ልጄ ፑንጎዲ፣

አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን።

ያደረግሽው ደግ ነው። አሁን ይብቃሽ። ክሱን ፖሊስ ይዞታል፤ አንቺ ገለል በይ። ብቻሽን በብስክሌት መሄድ ተይ፤ ኢላንጎ ያድርስሽ። ካያልን ከዓይንሽ አታርቂያት። ፈሪ በይኝ፤ ግድ የለኝም። እነዚያን ሰዎች አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቃቸው።

ቶሎ ጻፊልኝ።

አክስትሽ አላሜሉ


ማስካት፣ ኦክቶበር 1997

ፑንጎዲ፣ ዝም አልሽኝ። የበዓሉ ደብዳቤሽም አልመጣም። ፖስታ ቤቱ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ሁለት መስመርም ብትሆን ጻፊልኝ።

አላሜሉ


ፑሊያንኩላም፣ ኖቬምበር 1997

ለተከበሩ አክስታችን ለወይዘሮ አላሜሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ኢላንጎ ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ አላውቅበትም፤ ስህተቴን ይለፉኝ።

ፑንጎዲ በሕይወት አለች። ቀድሜ ይህን ልበልዎት።

ከወረዳ ስትመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊታቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሰዎች ከብስክሌቷ ጎትተው ጣሏት። ሁለቱ ያዟት፣ አንዱ ሹሩባዋን ከሥሩ በማጭድ ቆረጠው። ሹሩባውን አረቄ ቤቱ ፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ አሰሩት። እኔ ነኝ ሄጄ ያወረድኩት። ስፈታው ከውስጥ ሆነው ያዩኝ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ ባያቸው ኖሮ ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ።

የቀረውን ጸጉሯን ራሷ ተላጨችው። ከተማ ሐኪም ቤት ስወስዳት አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ "ጸጉርሽን የሰጠሽው ለየትኛው ቤተ መቅደስ ተስለሽ ነው?" አለቻት። ፑንጎዲ "ከሁሉ ለሚርቀው" አለቻት።

አክስታችን፣ እኔ አንድም ቀን ተይ ብያት አላውቅም። አሁን ግን ፈራሁ። ወንዶቹ ሱቄ መምጣት አቁመዋል። እሷ እርስዎን ትሰማለች። ወንበሩን ትልቀቅ ብለው ይጻፉላት። ማስካትም ቢወስዷት እኔና ልጄ እንችለዋለን።

አክባሪዎ ኢላንጎ


ማስካት፣ ዲሴምበር 1997

ልጄ ፑንጎዲ፣

የኢላንጎ ደብዳቤ ደርሶኛል። እንዳትቆጪው፤ ወዶሽ ነው።

አለቃዬን አነጋግሬልሻለሁ። እኔ ያለሁበት ለጽዳት ሰው ይፈልጋሉ። ቪዛውን እነሱ ይጨርሳሉ። ነይ። አንድ ክፍል እንተኛለን፤ አብረን እንበላለን። ወንበሩን ጣይላቸው፤ ዕቃ ነው።

ራስሽን ልዳስስልሽ ነበር። እጄ አልደረሰ።

አክስትሽ አላሜሉ


ፑሊያንኩላም፣ ፌብሩዋሪ 1998

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ብዙ ዝም ብያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጸጉሬ በቅሏል፤ ካያል ጃርት ትለኛለች።

ቴንሞሊን ዳሯት። ማያንዲ አባቷን ጠርቶ "ክሱን ታነሳለህ ወይስ መሬቴን ትለቃለህ?" አለው። ባል የሰጧት በዕድሜ ከአባቷ የሚበልጥ ሰው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከሩቅ አገር የመጣ የጭነት መኪና ባለቤት። ከሠርጉ በፊት ቤታቸው ሄድኩ። ቴንሞሊ ጓዳ ተቀምጣ እጇን ሂና እየቀቧት ነው። የተሰበረው ክንዷ ጠምሞ ነው የገጠመው።

"እኔ ጋ ነይ። ዛሬውኑ ማዱራይ ከተማ አደርስሻለሁ፤ የማውቃቸው ሴቶች አሉ" አልኳት።

"እኔ ስሄድ እናቴን ከእነሱ እጅ ማን ያስጥልልኛል፣ አካ?" አለችኝ።

ኩፓይ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "ፑንጎዲ፣ በአምላክ፣ ሂጂልን" አለችኝ። ሄድኩላቸው።

ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። ምክር ቤቱ በእኔ ላይ እምነት አጥቷል ተባለና ድምጽ ይሰጥ አሉ። የሴቶቹ አባላት ባሎች አብረው ገቡ፤ እንደ ልማዳቸው ከሚስቶቻቸው ኋላ ተቀመጡ። "ትውረድ የምትሉ እጅ አውጡ" ሲባል ወንዶቹ አወጡ። ከሴቶቹም አንዷ አወጣች። ኩፓይ ጭኗን አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ባሏ ከኋላ ጎንበስ አለና ክንዷን ከክርኗ በላይ ይዞ፣ ወደ ላይ አነሳላት። ማያንዲም "ተቆጠረ" አለ። እጇ እንደዚያ ተይዞ ሳለ ዓይን ለዓይን ተያየን።

የወረዳው ሹም አጸደቀው። አውቶቡሱም መግባት አቁሟል፤ "ተሳፋሪ የለም" ይላሉ።

ማስካት አልመጣም። ልብዎን አውቀዋለሁ፤ ውለታዎን አልረሳም። እኔ ብሄድ ግን ሹሩባዬን ለምን እንደቆረጡት ገባት ብለው ይስቃሉ።

ልጅዎ ፑንጎዲ


ማስካት፣ ማርች 1998

ልጄ፣

አምላክ ያጽናሽ። በዚህኛው ደብዳቤሽ ምንም አልጠየቅሽኝም። ባትሪ የለ፣ ምክር የለ። ከሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

የኩፓይን እጅ እያሰብኩ ወለሉን ስወለውል አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀርቼ፣ አለቃዬ ጮኸብኝ።

የሚያስፈልግሽን ጠይቂኝ፤ እባክሽ።

አላሜሉ


ፑሊያንኩላም፣ ሜይ 1998

ለውድ አክስቴ፣

በረከትዎ አይለየን። ጠይቂኝ ብለውኛልና ልጠይቅዎት።

ካያል የመንደሩን ትምህርት ቤት ጨርሳለች። የሚቀጥለው ክፍል ከተማ ነው። በየቀኑ በዚያ መንገድ ሄዳ አስፋልቱ ላይ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ሲመሽ በዚያው መመለስ ሊኖርባት ነው። ኢላንጎ "ትቅር" ይላል። በዚህ ነገር ተጣልተናል፤ እንደዚህ ተጣልተን አናውቅም። ባለፈው ሰሞን ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ሳለ አንዱ ከአረቄ ቤቱ "የሊቀመንበሯ ልጅ፣ ሹሩባሽ አማረ" አላት። ቤት ገብታ መቀስ አምጪ አለችኝ።

ማዱራይ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። አጥሩ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። በር ጠባቂ አለው። የአዳሪነቱን ወጪ እኛ አንችለውም። እርስዎ ቢረዱኝ።

ይህን ከእኔ ብዕር ያነባሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ፑንጎዲ


ማስካት፣ ሜይ 1998

ልጄ ፑንጎዲ፣

ወጪዋን እኔ እችላለሁ፤ እስክትጨርስ ድረስ። ይህን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።

አልወቅስሽም። እኔ ብሆንም አስወጣት ነበር። አንድ ነገር ብቻ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እኔ ከፑሊያንኩላም የወጣሁት ባሌን ቀብሬ፣ ሙሉ ሴት ሆኜ ነው። ካያል ገና ልጅ ናት። በየጊዜው የምንወጣበት ዕድሜ እያነሰ ሄደ።

ኩሬውን ዞሬ እመጣ የነበረው ለምን እንደሆነ ሁለተኛ አልጠየቅሽኝም። ተረድተሻል ማለት ነው።

አላሜሉ


ፑሊያንኩላም፣ ጁን 1998

ለውድ አክስቴ ለአላሜሉ፣

ባሕሩ እንደለያየን እንዳይቀር እጸልያለሁ። ካያልን አድርሰናታል።

ጠዋት ወጣን። ሳጥኗን ኢላንጎ ብስክሌቱ ላይ አስሮ እየገፋ ከፊት ሄደ። እኛ ሁለታችን ከኋላ። ካያል አዲሱን ልብሷን ለብሳለች። አረቄ ቤቱን ስናልፍ ገና ዝግ ነበር።

"አማ፣" አለችኝ፣ "ሴት ልጅ በዚህ መንገድ እንደ ልቧ መሄድ አለባት እያልሽ ስብሰባ ትሄጂ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ እኔ ሴት ልጅ አይደለሁም?"

ኢላንጎ ዞር ሳይል ብስክሌቱን አቆመ። የምመልሰውን ሊሰማ ነው። እኔ ግን ነጠላዋን አስተካከልኩላት። አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርን።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደግ ሴት ናት። "እዚህ ወንድ የሚባል አይገባም፤ ልጆቹም አይወጡም። አታስቢ" አለችኝ። ካያል በመስኮት ሆና እጇን አወዛወዘችልን። አላለቀሰችም። ለቅሶዋን ለእኔ ብላ እንደያዘችው አውቃለሁ።

ስንመለስ ኢላንጎ ገበያ ቀረ፤ እኔ ከአስፋልቱ ወርጄ ብቻዬን በመንገዱ ገባሁ። አረቄ ቤቱ ተከፍቷል። የማያንዲ የእህት ልጅም እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እስካሁን ባለፍኩ ቁጥር ይሰድበኝ ነበር። መልስ አጥቼለት አላውቅም፤ ጸጉሬ የተቆረጠ ሰሞን እንኳ መልሼለታለሁ። ዛሬ አልተሳደበም። ከወንበሩም አልተነሳም። ድምጹን ከፍ ሳያደርግ፣

"ሊቀመንበር፣ የራስሽንማ አሸሸሻት" አለ።

ማንም አልሳቀም።

ቤቴ ገብቼ ይህን እጽፍልዎታለሁ። አክስቴ፣ ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

ልጅዎ ፑንጎዲ